ቅቤ ቢቀልጥ ጥፋቱ የማን ነው?

በግንቦት ወር፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቅቤ ቀለጠ ተብሎ ሴት ስትወቀስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ዝም ብያለሁ፤ ዛሬ የምለፈልፈው ለዚያ ዝምታ ነው።

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ሞላት። እህቴ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖረው። ኬክ ከማዘዝ ራሷ መሥራቱን መረጠችና ሌሊት ጋግራ አደረች። በማግስቱ የገበታ ቅቤ ከተፈጨ ስኳር ጋር መታች፤ ጥጉ የተቆረጠ ፌስታል ውስጥ ከትታ እየጨመቀች ኬኩን ዙሪያውን ጽጌረዳ በጽጌረዳ አደረገችው። ያምር ነበር! ከዚያ እንግዳ መጠበቅ ሆነ። «ሁሉም ተሰብስቦ ፎቶ ሳንነሳ እንዳይቆረጥ!» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በመሀል መብራት ጠፋ፤ ቬንትሌተሩ ቆመ። ጽጌረዳዎቹ መጀመሪያ አብለጨለጩ፣ ቀጥሎ ጎበጡ፣ በመጨረሻ በኬኩ ጎን ተንሸራተው ሳህኑ ላይ ተኙ። አንዲት ጎረቤት ቡናዋን ፉት እያለች፣ «እጅ ይጠይቃል እኮ፣ አቦ! ብታዢ ይሻልሽ ነበር» አለች። እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። ቶሎም አልወጣች።

እጅ? እጅ ምን አገባው! ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ድሬ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ብትገባ ማንም አይደነቅም። ክሬሙን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የረጋው ስብ ነው። እሱ ሲፈታ፣ ሲመታ የገባበት አየር ይወጣል፣ ስኳሩም አብሮ ይወርዳል። ፌስታሉን የጨበጠው መዳፍ ሙቀት እንኳ ያለሰልሰዋል።

«መላ አለው» የሚሉኝ አይጠፉም። አለው። መጀመሪያ ስስ አድርጎ ቀብቶ ፍሪጅ ውስጥ ማጠንከር፣ ማስጌጡን ከዚያ በኋላ ማድረግ፤ የቅቤውን ግማሽ በጠጣር የአትክልት ቅቤ መተካት (አፍ ላይ ሻማ ሻማ ቢልም)፤ ከሁሉም በላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቀባትና ወዲያው መቁረጥ። ፍሪጁ ግን መብራት ይፈልጋል። ወዲያው መቁረጡን ደግሞ የከለከልኩት እኔ፣ ካሜራ የያዝኩት ጌታ ነኝ።

ስለዚህ ጠቤ ከቅቤ ጋር አይደለም፤ ከእኛ ጋር ነው። የእንጀራ ዓይን እየቆጠርን ሴት ስንመዝን የኖርን ሰዎች፣ አሁን ደግሞ ጽጌረዳ ጨመርንበት። የልጅ ልደት የእናት ፈተና ሆኖ አረፈው! ድሬና ሐረር እኮ ሙቀት የማይፈራ ጣፋጭ አላቸው። ሐልዋው አለ፤ ስኳርና ዘይቱ ከሄል ጋር ሲማሰል ውሎ የረጋ ነው፣ እንደ ቅቤ ክሬም ቶሎ አይፈታም። ድፎ ዳቦም አለ፤ ፀሐይ ምን ያደርገዋል? እነሱ ግን «ለፎቶ አይሆኑም»። ለማን ፎቶ? ልጅቱ እንደሆነች ሳህኑ ላይ የፈሰሰውን ክሬም በጣቷ እየጠረገች ስትልስ ነበር፤ ከሁላችንም የተደሰተች እሷ ነበረች። እሷን ያነሳ ሰው ግን የለም። እኔም አላነሳኋትም።

ዘንድሮም ግንቦት መጣ። እህቴ ደወለችልኝ። «ዘንድሮ አዝዣለሁ፤ ሁለተኛ ሰው ፊት አልዋረድም» አለችኝ። ዋጋውን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። የቤት ኪራይዋን ስለማውቅ እዚህ አልጽፈውም። ጎረቤቲቱም ተጠርታለች።