ያለ ዘመኑ የተሰለፈ ሠራዊት

የጦር ስልት የኮምፒውተር ጨዋታ ለብዙ ወጣት የጥንቱ ዓለም የመጀመሪያ መምህር ከሆነ ሰንብቷል። ሮምንና ካርታጎን፣ መቄዶንያንና ግብፅን ከመጽሐፍ አስቀድሞ የሚያገኛቸው በዚያ ነው። ማስተማር የጀመረ ነገር ደግሞ «እኔ ጨዋታ ብቻ ነኝ» በማለት ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባውም። በአንድ ሕዝብ ሠራዊት ውስጥ ማን በእግር፣ ማን በፈረስ፣ በምን መሣሪያ እንደ ተሰለፈ ዘርዝሮ ማሳየት ስለዚያ ሕዝብ ታሪክ ምስክርነት መስጠት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ በሐሰትም ይሰጣል።

ከእነዚህ ምስክርነቶች አንዱን ብቻ እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ2004 ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ «ሮም፦ ቶታል ዋር» የተሰኘውን ዝነኛ ጨዋታ አወጣ። የጨዋታው ታሪክ የሚጀምረው በ270 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ግብፅን የመረጠ ተጫዋች የሚረከበው ግን የፈርዖን ዘበኞችን፣ የፈርዖን ቀስተኞችንና በፈረስ የሚሳቡ የጦር ሠረገሎችን ነው። ለመሆኑ በዚያ ዓመት በግብፅ ዙፋን ላይ የነበረው ማን ነው? ዳግማዊ በጥሊሞስ፣ ከታላቁ እስክንድር የጦር አለቆች የአንዱ ልጅ! መናገሻው እስክንድርያ፣ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ግሪክኛ፣ የሠራዊቱም ዋና ምሰሶ ሳሪሳ የተባለውን ረጅም ጦር በሁለት እጁ ጨብጦ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚሰለፈው የመቄዶንያ ፋላንክስ ነበር።

ሠረገላው የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን መሣሪያ ነው። ራምሴስ በቃዴስ ኬጢያውያንን የገጠመው በ1274 ቅ.ል.ክ. ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ ጦርነት እስከ ጨዋታው መነሻ ድረስ 1,000 ዓመት ያህል አልፏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። የስሕተቱን ክብደት ለመገመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓድዋ ላይ የተሰለፈውን ጦር ጠመንጃውንና መድፉን አስጥሎ በዐፄ ካሌብ ዘመን ትጥቅ ከኢጣልያ ወራሪ ፊት የሚያቆም ጨዋታ ቢወጣ ምን ይባል እንደ ነበር ማሰብ ይበቃል። የሚጠፋው የመሣሪያው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የድሉ ምክንያትም አብሮ ይጠፋል።

በግብፅ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ራብዓዊ በጥሊሞስና የሶርያው ንጉሥ ሣልሳዊ አንጥያኮስ በ217 ቅ.ል.ክ. ከጋዛ በስተ ደቡብ በምትገኘው በራፊያ ተጋጠሙ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንደ መዘገበው ከግብፅ ወገን 70,000 እግረኛ፣ 5,000 ፈረሰኛና 73 ዝሆኖች፣ ከሶርያ ወገን ደግሞ 62,000 እግረኛ፣ 6,000 ፈረሰኛና 102 ዝሆኖች ተሰለፉ። ከበጥሊሞስ እግረኞች መካከል 20,000ው የአገሩ ተወላጆች፣ ግብፃውያን ነበሩ። የንጉሡ ሹም ሶሲቢዮስ የሶርያን መልእክተኞች በድርድር እያዘናጋ እነዚህን ሰዎች በእስክንድርያ በመቄዶንያ ሥርዐት አሠለጠናቸው። በጦርነቱ ዕለት ሳሪሳቸውን ዘርግተው ከግሪኮቹ ጋር በፋላንክስ ቆሙ፤ ድሉም የግብፅ ሆነ።

ከድሉ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ፖሊቢዮስ እንደሚለው በራፊያ ድል ልባቸው የኮራ ግብፃውያን ለገዢዎቻቸው መታዘዝን አሻፈረኝ አሉ። ብዙም ሳይቆይ የአገሩ ተወላጆች በላይኛው ግብፅ ዐምፀው ሆርወነፈርን፣ ከእርሱም በኋላ አንኽወነፈርን ፈርዖን አድርገው አነገሡ፤ ዐመፁም እስከ 186 ቅ.ል.ክ. ድረስ ዘለቀ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ዘመን ከግብፃውያን መካከል እውነተኛ ፈርዖን የተነሣው በሠረገላ ተጭኖ አልነበረም። መንገዱን የጠረገለት የባዕድ ገዢን መሣሪያ ተቀብሎ፣ በመሣሪያውም የራሱን ኀይል ያወቀ ሕዝብ ነው። ጨዋታው ሳሪሳውን ከግብፃዊው እጅ ሲነጥቅ ይህን ታሪክ ከሥሩ ነቅሎ ጥሎታል።

ይህ በቸልታ የተፈጠረ ተራ ስሕተት ነው እንዳይባል፣ በዚያው ጨዋታ ሮማውያን የተያዙበትን መንገድ ማየት ያሻል። ሮማዊው በሃስታቲ፣ በፕሪንኪፔስና በትሪያሪ ረድፍ ይጀምራል፤ ዘመኑ ሲገፋ በማርዮስ ስም የሚጠራው ማሻሻያ ይመጣና ሠራዊቱ በአዲስ ክፍለ ጦር ይተካል። ይህ ለውጥ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ስለ መሆኑ የዛሬ ታሪክ ተመራማሪዎች ብርቱ ጥርጣሬ አላቸው። ቢሆንም ሠሪዎቹ ሮም በ200 ዓመት ውስጥ እንደ ተለወጠች ለማሳየት ደክመዋል። ግብፅ ግን ሺህ ዓመት ሙሉ ፈቀቅ ሳትል እንድትቆም ተፈረደባት። አንዱ ታሪክ ያለው፣ ሌላው ሐውልት ብቻ ያለው ሆኖ ቀረበ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው።

የጨዋታው ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። የመጀመሪያው፣ ተጫዋች ግብፅን የሚያውቃት በፈርዖንና በሠረገላ ስለ ሆነ ያንኑ ይፈልጋል የሚል ነው። ይህ ግን የማያውቅን ሰው ባለማወቁ ለማቆየት የቀረበ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ የግሪክ ዘር ነገሥታት ሠራዊት ሁሉ በፋላንክስ ከተሰለፈ ጨዋታው ይሰለቻል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ያለው በራፊያው ሰልፍ ውስጥ ነው። ከቀርጤስ የመጡ ተዋጊዎች፣ በመቄዶንያ ሥርዐት የታጠቁ ሊቢያውያን፣ በግብፅ ምድር የሰፈሩ ትራቄያውያንና ገላትያውያን፣ ቅጥረኛ ግሪኮች፣ ግብፃውያኑ ራሳቸው በአንድ ሜዳ ተሰልፈዋል። ከዚህ የበለጠ ልዩ ልዩ መልክ ያለው ሠራዊት በምናብ ይፈጠራልን?

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ደግሞ ከዝሆኖቹ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። በጥሊሞሳውያን የጦር ዝሆን የሚያድኑት በቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ደቡብ እየወረዱ ነበር። በአዱሊስ ቆሞ የነበረው የሣልሳዊ በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍ ንጉሡና አባቱ ከዚህ አካባቢ ዝሆን አድነው ለጦርነት እንዳዋሉ ይናገራል። ጽሑፉን ገልብጦ ለትውልድ ያቆየው በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ነው። የግብፅን ሠራዊት ወደ ፈርዖኖች ዘመን መመለስ እንግዲህ ይህ የእኛ ጠረፍ ከሜዲትራንያን ጦርነቶች ጋር የነበረውን ግንኙነትም መሠወር ነው።

ከጨዋታ ሠሪ የታሪክ ምሁር ጥንቃቄ ሁሉ አይጠበቅም። 70,000 እግረኛ በአንድ መስኮት ውስጥ አይሰፍርም፤ የዓመታት ዘመቻም በአንድ ምሽት ማለቅ አለበት። ነገር ግን ማሳጠር ሌላ፣ የሌለውን መፍጠር ሌላ ነው። በትክክል መሥራት እንደሚቻልም ታይቷል። «ዩሮፓ ባርባሮሩም» በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ያንኑ ጨዋታ ያለ ክፍያ አሻሽለው የበጥሊሞሳውያንን ሠራዊት ወደ ዘመኑ መልሰውታል። ኩባንያው ራሱም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው በሁለተኛው «ሮም» ለግብፅ ባለ ሳሪሳ እግረኛ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያው ጨዋታ ታድሶ ለገበያ ሲቀርብ ግን ሥዕሉ ጠራ እንጂ ሠረገሎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እውነቱ ታውቆ ሳለ ሐሰቱን አሳምሮ ዳግም መሸጥ ስሕተት ሳይሆን ምርጫ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። ሠሪዎቹ ተረት መሥራት ከፈለጉ ተረት ብለው ይሽጡት፤ ማንም አይከለክላቸውም። በጨዋታው ላይ ዓመተ ምሕረት እስከ ጻፉ ድረስ ግን ለዓመቱ መታመን ግዴታቸው ነው። በራፊያ ሜዳ 20,000 ግብፃውያን ሳሪሳ ይዘው ቆመዋል። ሳሪሳቸው ይመለስላቸው።