የማስጠንቀቂያው 30 ቀን

ሥራ የለቀቀ ሰው ያውቀዋል፤ ደብዳቤው ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። በነዚህ ቀናት ሰውየው አለም፣ የለምም። ስብሰባ አይጠራም፣ አዲስ ሥራ አይሰጠውም። ቡና ላይ ግን ከወትሮው የበለጠ ይፈለጋል፤ «ስንት ጨመሩልሽ?» የሚባል ጥያቄ አለና። (የጨመሩልኝ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚበቃ ነው፤ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።)

ዘጠኝ ዓመት ከሠራሁበት ሒሳብ ክፍል ስለቅ የማስረክበው ሰነድ በአንድ ሳምንት አለቀ። በቀረው ጊዜ ካሜራዬን ይዤ ቢሮ መግባት ጀመርኩ። ከሰው እጅ የገዛኋት አሮጌ ካኖን ናት። ባለቤቴ «ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራሽ» ይላታል። ሠርግ አንሺባትና ገንዘብ አግኚ ያላለኝ ዘመድም የለም። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ግን ሠርግ አይበላም፤ እኔ ደግሞ ሠርግ መብላት እወዳለሁ።

ሐሳቤ ባልደረቦቼን በየጠረጴዛቸው ማንሳት ነበር። ገንዘብ ያዧ ጸጉሬን ሳልሠራ አልነሳም ብላ ሁለት ሳምንት አስጠበቀችኝ። የጥበቃው ጋሼ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ዘና ይበሉ ስላቸው ጭራሽ ባሰባቸው።

ቢሮ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የሚያስቸግረው መብራቱ ነው። የጣሪያው መብራት ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ፊትን አረንጓዴ ያስመስላል። ስለዚህ አጠፋሁትና ሰዎቹን ወደ መስኮት አስጠጋኋቸው። ሌላው ጣጣ ነጩ ግድግዳ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ስለሚለካ፣ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ግድግዳው ፊት የቆመው ጠይም ሰው ደግሞ ከሰል ይመስላል። ብዙ ሰው «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» የሚለው በዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዞ ወደ +1 ከፍ ማድረግ። በብዙ ስልኮችም ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ወደ ላይ መሳብ ይቻላል።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ መጨረሻ ላይ ተነሱ። ዘንድሮ 60 ዓመት ስለሚሞላቸው ጡረታ ሊወጡ ነው። ካሜራዬን ሳስተካክል አንድ ፋይል ከመደርደሪያው አወጡና ከፈቱልኝ።

«ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

ስቀጠር ያስገባሁት ጉርድ ፎቶ ነው። ጉንጬ ሞልቶ፣ ዓይኔ ፈጦ። የሁላችንም አለ፤ የሥራ አስኪያጁ እንኳ ጸጉር የነበራቸው ጊዜ እዚያ ተቀምጧል። እኝህ ሰው ወጣት ሆነን የገባነውን ሁሉ በየፋይሉ ይዘው ኖረዋል፤ በየዓመቱ ስንለወጥም አይተውናል። በስተኋላቸው መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ እንዲታይ አድርጌ አነሳኋቸው። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው።

ፎቶዎቹን 10 በ15 አሳጥቤ በፖስታ አደልኩ። ጋሼ የራሳቸውን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ጉርድ ይወጣዋል?» አሉኝ። ለጡረታ ፎርማቸው ነው። ያንን ሁሉ መደርደሪያ መቁረጥ አንጀቴን በላው፤ ግን ምን ይባላል? አራት ፍሬ 3 በ4 አሳጠብኩላቸው። «ፊቴን ለነሱ እሰጣለሁ፤ መደርደሪያውን ቤት እሰቅለዋለሁ» ብለው ሳቁ።

አዲሱ ሥራዬ አያት ነው፤ ቤቴ ጀሞ። ከጀሞ በታክሲ፣ ከሜክሲኮ በባቡር። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ መንገድ ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች፤ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ድሮ ከቤት ቀደም ብዬ ወጥቼ ሰፈር ውስጥ አነሳበት ነበር። አሁን ያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል።

አዲሱ ቢሮ ሁለት ጉርድ ፎቶ ተቀብሎኛል። የሙከራ ጊዜዬ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ዛሬ 22ኛው ላይ ነኝ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት 2:30 ገደማ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ጉንጭ ላይ ጥሩ ብርሃን ያርፋል። እስካሁን ከስሟ በቀር የማውቀው የለኝም። ካሜራዋን ገና አላመጣኋትም።