ብሉዝ የጣት ሩጫ ውድድር አይደለም!

ጊታር የሚወዱ ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። «ከብሉዝ ጊታሪስቶች አንደኛው ማን ነው?» ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። አንዱ «ስቲቪ ሬይ ቮን! አለቀ!» ይላል። ሌላው «ክላፕተን እያለ?» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያለው፣ «ቢ.ቢ. ኪንግ» ይልና ዝም ይላል። በዚህ ክርክር ስንቱ ማኪያቶ ቀዝቅዟል። እኔም የበኩሌን አቀዝቅዣለሁ።

ክርክሩን አልጠላውም። የሚያናድደኝ መለኪያው ነው። አሸናፊው የሚመረጠው በአንድ ትንፋሽ ስንት ኖታ እንደሚያወርድ እየተቆጠረ ነው። እንዲያማ ከሆነ የታይፕ ጸሐፊዎችን ለምን አናወዳድርም? ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። ግን በዚህ መለኪያ ቀጂው ከባለቤቱ በላይ ይቀመጣል። የሚሄደው ደግሞ ስም ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡም በዚያው መንገድ ሲሄድ ኖሯል። ስለዚህ የኔን ሚዛንና የኔን አልበሞች ላቅርብ፤ የማይስማማ ካለ ብዕር ያንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቢ.ቢ. ኪንግ ልጀምር። ራይሊ ኪንግ በ1925 በሚሲሲፒ፣ ኢታ ቤና የምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ጥጥ ለቅሟል፣ ትራክተር ነድቷል። ይህ ሰው ኮርድ መምታት እንደማይሆንለት በገዛ አፉ ሲናገር የኖረ ነው። እየዘፈነ ጊታር መምታትም አልለመደም። እሱ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፤ እሱ ሲያቆም ጊታሩ ከአፉ ተቀብሎ ይቀጥላል። ፈጣን ጣት ለሚያመልክ ሰው ይህ ድክመት ነው። ለኔ ግን ብሉዝ ማለት ይኸው ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። አዝማሪው ግጥሙን ጥሎ ትንፋሽ ሲወስድ ግን ያቺ አንዲት ክር ነገሩን ተቀብላ እያለቀሰችም እያሾፈችም ትጨርስለታለች። ማሲንቆን «ክርህ አንድ ናት» ብሎ የናቀ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ስለዚህ ብሉዝ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» እለዋለሁ። ኖቬምበር 21 ቀን 1964 ቺካጎ ውስጥ በሪጋል ቲያትር መድረክ ላይ የተቀዳ፣ በ1965 የወጣ አልበም ነው። ሲሰሙት ለሕዝቡ ጆሮ ስጡት። ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ወንዶቹ ይመልሳሉ፣ ኪንግ አንዲት ድምፅ ብቻ ለቅቆ ይጠብቃቸዋል። ያቺን አንዲት ድምፅ ክሩን በጣቱ እያርገበገበ ሲያስረዝማት የአዳራሹ ሰው ልክ ስሙ የተጠራ ይመስል ይነሳል። ያንን ያህል ሰው በአንድ ኖታ የሚያስነሳ እጅ እያለ የሰላሳ ኖታ ጋጋታ ምን ይሠራል?

በነገራችን ላይ ጊታሩን ለምን «ሉሲል» እንዳለው የማያውቅ ካለ፦ በ1949 ክረምት ትዊስት በምትባል የአርካንሳስ መንደር ሲጫወት ሁለት ወንዶች በሴት ተጣልተው ቤቱን የሚያሞቀውን የላምባ በርሜል ገለበጡት። ቤቱ ተያያዘ። ኪንግ አንዴ ከወጣ በኋላ ጊታሩ ትዝ ሲለው እሳቱ ውስጥ ተመልሶ ገባ። የተጣሉባት ሴት ስም ሉሲል መሆኑን ሲሰማ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳይሠራ ማስታወሻ እንዲሆነው ለጊታሩ ስሟን ሰጠው።

አሁን ወደ አልበርት ኪንግ እንሂድ፤ ለኔ የክርክሩ እምብርት እሱ ነው። ከቢ.ቢ. ጋር አይዛመዱም፤ የቴክሳሱ ፍሬዲ ኪንግም ለሁለቱም ዘመድ አይደለም። (የፍሬዲን «ሃይድ አዌይ» ግን ፈልጋችሁ ስሙ፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ እንዴት እንደሚጫወት ያሳያል።) አልበርት ቡልዶዘር ይነዳ የነበረ ግዙፍ ሰው ነው። ግራኝ ስለሆነ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይይዛል፤ ክሮቹን ግን አልቀየራቸውም። ስለዚህ ሌላው ጊታሪስት ወደ ላይ የሚገፋውን ቀጭን ክር እሱ ወደ ታች ይጎትተዋል። በዚያ ክንድ የተጎተተ ክር እንደ ሰው ያቃስታል። በ1967 በሜምፊሱ ስታክስ ኩባንያ የወጣውን «ቦርን አንደር ኤ ባድ ሳይን» ስሙ። ከኋላው ቡከር ቲ. እና ኤም.ጂ.ዎቹ አሉ፤ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት፣ አንዲት ድምፅ የማያባክን ባንድ። አልበርትም አያባክንም። ያሉት ሐረጎች አሥርም አይሞሉ ይሆናል፤ ግን እነዚያን ሐረጎች ያልወሰደበት ማን አለ? በዚያው በ1967 ክሬም የተባለው የእንግሊዞች ባንድ ባወጣው «ስትሬንጅ ብሩ» ላይ ክላፕተን የመታው ሶሎ የአልበርት አነጋገር ነው። በ1983 በዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ» ላይ ስቲቪ ሬይ ቮን የመታውም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ የስቲቪ ወዳጆች እንዳይዘምቱብኝ ልናገር። ልጁን እወደዋለሁ። በ1983 «ቴክሳስ ፍለድ» የተባለው አልበሙ ሲወጣ ወጣቱ ፊቱን ከብሉዝ አዙሮ ነበር፤ እሱ መለሰው። ኦገስት 27 ቀን 1990 ከአልፓይን ቫሊ ኮንሰርት ሲመለስ በሄሊኮፕተር አደጋ በ35 ዓመቱ መሞቱ ያሳዝናል። ግን የአልበሙን ስም የሰጠው ዘፈን ላሪ ዴቪስ በ1958 ያወጣው መሆኑን ከአድናቂዎቹ ስንቱ ያውቃል? ለፍርድ ደግሞ ማስረጃ አለ። ዲሴምበር 1983 ካናዳ ውስጥ ለቴሌቪዥን ሁለቱ አንድ ላይ ተጫውተዋል። በ1999 «ኢን ሴሽን» ተብሎ ወጥቷል። ስቲቪ ያጥለቀልቃል፣ ይሮጣል፣ ላብ በላብ ይሆናል። ሽማግሌው ዝም ብሎ ያየዋል። ከዚያ ሦስት ድምፅ ይለቃል። እኔ ስሰማው ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ያንኑ አልበም ሰምቶ «ስቲቪ በላው» ይለኛል። ምን ላድርገው? አብረን ቡና መጠጣታችንን ግን አላቆምንም።

«ትዝታ የኢትዮጵያ ብሉዝ ነው» የሚለውን አባባል ስንቴ ሰምተነዋል! ግማሹ እውነት ነው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከ«ላ» ጀምራችሁ ብትደረድሯቸው የብሉዝ ጊታሪስት ቀን ከሌት የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ሆነው ይገኛሉ። ግማሹ ግን አይገጥምም። ብሉዝ በአብዛኛው በአሥራ ሁለት ባር አጥር ውስጥ፣ በሦስት ኮርድ ላይ ይዞራል፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ይደግምና በሦስተኛው ይመልስበታል። ትዝታ ይህ አጥር የለበትም። ለማለት የፈለግኩት፣ በትዝታ ያደገ ጆሮ ለዚህ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም። ዝግ ያለ ነገር መስማት እናውቅበታለን። ታዲያ ፍጥነት ማምለኩን ከየት አመጣነው?

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሮበርት ጆንሰን በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ 29 ዘፈኖች ቀድቶ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ሰውየው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ የሚል ተረት አለ፤ ፊልሙም መጽሐፉም ይህንን ሲያመነዥክ ይኖራል። ይህን ተረት አልወደውም። አይክ ዚመርማን የሚባል ጊታሪስት አስተምሮታል፤ ልጁም ተቀምጦ ለፍቷል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣን ባለእጅ «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ የኖረ አገር ሰው ይህ ነገር አዲስ ሊሆንበት አይገባም። ድሃ ሰው በገዛ እጁ አንድ ነገር አሳምሮ ሲሠራ፣ ሥራውን ለሰይጣን ይሰጡበታል። ገንዘቡ ግን ለሰይጣን አልሄደም። በ1990 የጆንሰን ዘፈኖች ተጠቃለው በሁለት ሲዲ ሲወጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ያን ጊዜ ልጁ ክላውድ ጆንሰን ሚሲሲፒ ውስጥ ጠጠር በመኪና እያመላለሰ ይኖር ነበር። ወራሽነቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናለት በ2000 ነው፤ አባቱ በሞተ በ62 ዓመቱ።

ዊሊ ዲክሰንም አለ። ለመዲ ዋተርስና ለሃውሊን ዉልፍ ስንቱን ዘፈን የደረሰ ሰው ነው። ሌድ ዜፐሊን በ1969 ያወጣው «ሆል ሎታ ላቭ»፣ መዲ ዋተርስ በ1962 የተጫወተውን የዲክሰንን ዘፈን ይዞ የተነሳ ነው። ስሙ ግን አልተጻፈም። በ1985 ከሰሳቸው፤ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። አሥራ ስምንት ዓመት! እስከዚያ ድረስ የተሸጠውን ቁጠሩት።

ክላፕተንን በአንድ በኩል ማመስገን ይገባል። የማንን ዘፈን እንደሚጫወት አይደብቅም። በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር የሠራው አልበምም ጥሩ ነው፤ አልክድም። ግን በ1976 በርሚንግሃም መድረክ ላይ ቆሞ መጤዎች ከእንግሊዝ ይውጡ ብሎ የጮኸው ይኸው በጥቁሮች ሙዚቃ እንጀራውን የጋገረ ሰው ነው። በኋላ ተጸጽቻለሁ ብሏል፤ ይበል። እኔ ግን ስሙ በአንደኝነት ሲጠራ ያ ምሽት ትዝ ይለኛል።

ከደረጃ ዝርዝሩ የሚረሱትን ላንሳ። ሁበርት ሰምሊን የሃውሊን ዉልፍ ጊታሪስት ነበር። ራሱ ሲተርክ፣ በፒክ ሲመታ ዉልፍን ድምፁን እየሸፈነበት ስላስቸገረው «ያንን ጥለህ ና» ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። በባዶ ጣቱ መምታት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ድምፅ ማንንም አይመስልም። በሽፋኑ ላይ ተወዛዋዥ ወንበር ያለበትን የ1962ቱን የዉልፍ አልበም ስሙና ጊታሩን ተከተሉት፤ ከየት እንደሚገባ አታውቁም፤ ይገባል፣ ይናከሳል፣ ይወጣል። በ2011 ሲሞት የቀብሩን ወጪ የቻሉት ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ናቸው። ደግ አደረጉ። ግን አንድ ታላቅ ጊታሪስት በ80 ዓመቱ ሲሞት የቀብሩ ወጪ የሰው እጅ መጠበቁን ደግማችሁ አስቡት።

ባዲ ጋይም አለ። በ1965 ጁኒየር ዌልስ ባወጣው «ሁዱ ማን ብሉዝ» ላይ የጊታሪስቱ ስም «ፍሬንድሊ ቻፕ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ስሞች «ወዳጅ ሰውዬ» እንደማለት ናቸው። ከቼስ ኩባንያ ጋር ውል አለበት ተብሎ ስለተፈራ ነው። ቀረጻው ላይ አምፕሊፋየሩ ስለተበላሸ በኦርጋን ድምፅ ማጉያ በኩል የተጫወተባቸው ዘፈኖች አሉበት፤ ጊታሩ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ያው ቼስ ግን ባዲን መድረክ ላይ እንደሚጫወተው እንዲቀዳ አልፈቀደለትም፤ ጫጫታ ነው ተባለ። የእንግሊዝ ልጆች ያንኑ ጫጫታ ይዘው ሀብታም ሲሆኑ ኩባንያው ምን ተሰምቶት ይሆን?

ሜምፊስ ሚኒን የምታውቁ ስንት ናችሁ? ሌድ ዜፐሊን በ1971 የተጫወቱትን የጎርፍ ዘፈን ከባሏ ከካንሳስ ጆ ጋር በ1929 ያስቀረጸችው እሷ ናት፤ በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ጥሶ ወጥቶ ሕዝቡን ባፈናቀለ ማግስት። «ምርጥ ጊታሪስቶች» ተብሎ በሚወጣው ዝርዝር ሁሉ የሴት ስም በሻማ ነው የሚፈለገው።

አንድ ይቀረኛል፤ እሱም ዓይነ ስውሩ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ነው። «እሱ መንፈሳዊ ዘማሪ እንጂ የብሉዝ ሰው አይደለም» የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ግን አልተወውም። በ1927 የቀዳት አንዲት ቁራጭ አለች፤ «ዳርክ ዎዝ ዘ ናይት» ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኟታላችሁ። በጊታሩ ክር ላይ እያንሸራተተ ያጉረመርማል፤ ቃል የለም። በ1945 ቴክሳስ፣ ቦሞንት ውስጥ በድህነት ሞተ። በ1977 ቮዬጀር የተባሉት መንኮራኩሮች ሲላኩ፣ የሰው ልጅ ድምፅ ይህን ይመስላል ተብሎ ከነቤትሆቨን ጋር በወርቅ ቅብ ሸክላ የተላከው የእሱ ማጉረምረም ነው። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። በውስጡ ያሉትን ኖታዎች መቁጠር የሚፈልግ ካለ ይቁጠር፤ ብዙ አይደሉም።