አገጣጠሙን አክሙልን፣ መልካችንን ተዉልን

ልጆቻችን ጌሼር ስለሚሉት የጥርስ ብረት ሲነሳ፣ እስራኤል ውስጥ ኪርያት ማላኪ ያሉ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዋጋውን ነው። ቀጥለው «ታምርበታለች?» ይሉኛል። ልጁ ምግብ በፊት ጥርሱ ይቆርጥ እንደሆነ፣ አፉን ሲገጥም አገጩ ወደ አንድ ጎን ይሄድ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ግን እምብዛም ነው። በዚህ አካባቢ በጥርስ ሐኪም ረዳትነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በክሊኒኩ አማርኛ የምናገረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ከገዴራም ከያቭኔም የሚመጡ እናቶችና አያቶች ጥያቄያቸውን የሚያወርዱት እኔ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካየሁት ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር ነው። የጥርስ አገጣጠም ጤና ስለሆነ መንግሥት ሊከፍልለት ይገባል፤ መልክ ግን የልጁ የራሱ ነው። ሁለቱ ተደባልቀው «ብረት ማሰር ውበት ነው» ስለሚባል፣ ሕክምናው የግድ የሚያስፈልገው ልጅ ሳያገኘው ያድጋል፤ የማያስፈልገው ደግሞ ጤነኛ ጥርሱን ያስነቅላል።

ሕጉን ላስታውስ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ ጤና ኢንሹራንስ ሕግ ጥርስን ከሞላ ጎደል ትቶት ነበር። በ2010፣ ያዕቆብ ሊጽማን ምክትል የጤና ሚኒስትር ሳሉ፣ እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች የጥርስ ሕክምና ሳል ሀብሪኡት በሚባለው፣ መንግሥት በሚሸፍነው የሕክምና ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዕድሜው በየጊዜው ከፍ እየተደረገ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ 18 ደረሰ። ምርመራው፣ ራጁ፣ ሙሌቱ፣ የሥር ሕክምናው፣ ነቀላው በጤና ድርጅቶቹ፣ ማለትም በኩፓት ሆሊም፣ በኩል በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። ብዙ ልጅ ላለው ቤት ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ብረት ማሰር ግን ከዚህ ውጭ ነው። ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱትና ለመሰሎቻቸው ካልሆነ በቀር ወላጅ ከኪሱ ይከፍላል። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ያለው ቅናሽ ያገኛል፤ የሌለው በግል ክሊኒክ ብዙ ጊዜ ከ10 ሺህ ሼቄል በላይ ይጠየቃል።

በእኛ ቤት የአገጣጠም ችግር ሳይታወቅ የሚቆይበት ምክንያትም አለ። እንጀራ ነው። እንጀራ በእጅ ይቆረሳል፣ ይጠቀለላል፣ ይጎረሳል፤ ለፊት ጥርስ የሚተርፈው ሥራ የለም። የላይና የታች የፊት ጥርሱ የማይገናኝ ልጅ ከእናቱ ገበታ ዓመታት ሲበላ ማንም ልብ አይለውም። የሚታወቀው ትምህርት ቤት ሳንድዊች ሲይዝ ነው። ገዴራ፣ ሻፒራ ሰፈር የምትኖር አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ተራዋን ስትጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። የያዘችውን ሳንድዊች ወደ ጉንጯ ጥግ አዙራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በመንጋጋዋ ትገምጠዋለች። ፊት ለፊት ስትሞክረው ዳቦው ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም፤ ውስጡ ያለው ቲማቲም እየተጎተተ ይወጣባታል። አብረዋት የመጡት አያቷ «ዳቦ አትወድም፣ ቀበጥ ናት» አሉኝ። ልጅቷ ቀበጥ አልነበረችም። አውራ ጣቷን ስትጠባ ኖራ፣ አፏን ስትገጥም በላይና በታች የፊት ጥርሶቿ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ቀርቶባት ነበር።

ሌላ ዓይነትም አለ። የላይኛው መንጋጋ ጠቦ ከታችኛው ጋር በትክክል ሳይገናኝ ሲቀር፣ ልጁ አፉን ለመግጠም አገጩን ወደ አንድ ጎን ያንሸራትታል። ይህ ሳይታከም ዕድገቱ ከቀጠለ ፊቱ ራሱ ወደዚያው ጎን ሊያዘነብል ይችላል። በልጅነት ከሆነ ላንቃን ቀስ በቀስ የሚያሰፋ መሣሪያ ያቃናዋል፤ የላንቃው አጥንት መጋጠሚያ ገና አልጠነከረማ። ካደገ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። የላይ የፊት ጥርሶቹ ከታቹ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ቀድመው የወጡ ልጅ ደግሞ በኳስ ሜዳ ወይም በደረጃ ላይ ቢወድቅ ከሌላው ልጅ ይልቅ ጥርሱን የመስበር ዕድሉ ሰፊ ነው። የተሰበረውን ጥርስ ኩፓው ያክማል፤ እንዳይሰበር የሚያደርገውን ሕክምና ግን አይከፍልም። ይህን አሠራር ለማንም ወላጅ አስረድቼ ማሳመን አልቻልኩም፤ እኔም አላምንበትም።

ብረቱ ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው በጉልበት አይደለም። ቀላል ግፊት ያለማቋረጥ ሲያርፍ፣ ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይተካል። በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሄድ ነው፤ ስለዚህ ሕክምናው አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆሎ መቆርጠም ክልክል ነው፤ ጥርስ ላይ የተለጠፉትን ትናንሽ ብረቶች ይነቅላቸዋል። ብረቱ ከወጣም በኋላ የሌሊቱን ማቆያ ያላደረገ ልጅ ጥርሱ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል።

ከእኛ ልጆች ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በዝምታ እንዲታለፍ አልፈልግም። ጎንደር ገጠር ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ይባላል። ጥቂት ወራት የሞላው ሕፃን ድድ ላይ፣ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ፣ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል። ጤነኛ፣ ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። የሕመሙ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው ተብሎ ግን በሾለ ወይም በጋለ ነገር ተፈልፍሎ ይወጣል። ለእኔም ተደርጎልኛል። እናቴ ያደረገችው ልጇን ለማትረፍ ነው፤ ከመንደራችን ሐኪም ያለበት ለመድረስ ቀኑን ሙሉ መሄድ ነበረባት፤ ወቀሳ የለኝም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ስንመጣ ልጅ ነበርኩ፤ አፌ ውስጥ ምን እንደጎደለ ያየልኝ አልነበረም። የታችኛው ግራ ክራንቻዬ ዛሬም የለም። የታች የፊት ጥርሶቼ ወደ ባዶው ቦታ ተንሸራትተው መሐላቸው ከላይኛው መሐል ጋር አይገጥምም፤ የማኝከውም በአንድ ጎን ብቻ ነው።

ጉዳቱ በወተት ጥርሱ አያበቃም። የሚፈለፍለው ነገር ከሥሩ የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ስለሚነካው፣ ቋሚው ክራንቻ ተበላሽቶ፣ ቦታ ስቶ፣ ወይም አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆች ላይ ይህንኑ መርምረው በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በጽሑፍ የሚታወቅ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ ከኢትዮጵያ ከመጡት ልጆች መካከልም አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለውን ልጅ ወላጆች ብረት ሲጠይቁ «ይህ ውበት ነው፣ ሽፋን የለውም» ብሎ መመለስ ምን ማለት ነው? ቤተሰቡ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቲቱ ጽዳት ትሠራለች፤ የሚሰጧት ወረቀት የ10 ሺህ ሼቄል ዋጋ ነው። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ተመልሳ አትመጣም።

አሁን ወደ መልኩ ልምጣ። ብረት ፊትን ይለውጣል? አዎ፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አፍንጫንና ጉንጭን በራሱ አይቀይርም። የሚነካው ከአፍንጫ በታች ያለውን ነው። የፊት ጥርስ ወደ ውስጥ ሲሳብ ከንፈርም በከፊል ይከተለዋል። ለመሳብ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከክራንቻዎቹ ኋላ አራት ጤነኛ ጥርሶች ተነቅለው ነው። ጥርሶቹ በጣም ከተጨናነቁ፣ ወይም ልጁ ከንፈሩን ሳይታገል መግጠም ካቃተው ነቀላው ተገቢ ነው። ከንፈሩ ሞላ ያለ በመሆኑ ብቻ ከሆነ ግን አልስማማም።

«ትክክለኛ ፊት» የሚባለው ልክ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የጥርስ አገጣጠምን በሦስት የከፈለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው፤ ይህን ያወጣው በ1899 ነው። ለፊት ውበት ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው አፖሎ ቤልቬዴሬ የተባለውን ጥንታዊ ሐውልት ነበር። ዊልያም ዳውንስ በ1948 የራስ ቅል ራጅ መለኪያዎቹን ያወጣው ደግሞ ከ20 ነጭ ወጣቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሕዝቦችም የየራሳቸው ልክ ተጠንቷል፤ ጥሩ ሐኪም ይህን ያውቃል። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ልጃቸው «ከልክ አልፋለች» የሚል ቁጥር በቀይ ሲበራ፣ ልኩ የማን እንደሆነ የጠየቀ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ከያቭኔ አንዲት እማማ የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሐኪሙ የልጅቷን ላይኛ የፊት ጥርሶች ክፍተት ስለመዝጋት ሲያወራ እኔ አስተረጎምኩላቸው። እማማ የልጅቷን አገጭ ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩና አይተው፣ «ልጄ፣ ፍንጭቷ ምን አደረጋችሁ? የእኔን ቁርጥ ነው፤ አያቷም የወደደኝ በዚህ ነው» አሉኝ። ልጅቷ በዕብራይስጥ «ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል» አለች፤ እማማ አልሰሟትም። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥርሶቿን አስገጥሞ ከተመለከተ በኋላ አገጣጠሟ ጤነኛ እንደሆነ፣ ክፍተቱ እንደማይጎዳት፣ 16 ዓመት ሲሞላትም ሆነ ከዚያ በኋላ መወሰን እንደምትችል ነገራት። እኔ ፍንጭት እወዳለሁ፤ የልጅቷን ዕንባም አይቻለሁ። ውሳኔው የእሷ ነው። የሕዝብ ገንዘብ እዚያ ላይ ይዋል አልልም፤ ግን ያ ክፍተት በሽታ ነው ብሎ የሚነግራትም ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ሁለቱን መለየት አይቻልም የሚል ካለ፣ ሌሎች አገሮች ለይተውታል። በእንግሊዝ በ1989 የታተመ መመዘኛ የሕክምናውን አስፈላጊነት ከ1 እስከ 5 ይደለድለዋል፤ 4 እና 5 ላይ ለሚወድቁ ከ18 ዓመት በታች ልጆች፣ 3 ላይ ካሉትም ለከፊሎቹ፣ መንግሥት ይከፍላል። ጀርመን በ2002 ተመሳሳይ ደረጃ አውጥታለች፤ ከ3 እስከ 5 ለሆኑ ልጆች ኢንሹራንሱ 80 በመቶ ይከፍላል፣ የቀረውን 20 በመቶ ሕክምናው እስከ መጨረሻው ሲደርስ ለወላጅ ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው በጣም ደስ ይለኛል፤ በመሃል ተቋርጠው የሚቀሩ ልጆችን ብዙ ስላየሁ።

ስለዚህ በየዓመቱ ሳል ሀብሪኡትን የሚያሰፋው ኮሚቴ በእንግሊዙ መመዘኛ 4ኛና 5ኛ ደረጃ የሆኑትን እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ያስገባልን። በግግ ምክንያት ክራንቻቸው የተበላሸባቸው ልጆችም በስም ይጠቀሱ፤ ይህን የማያውቅ ጸሐፊ የማመልከቻ ቅጽ ላይ «ውበት» ብሎ እንዳይመልሳቸው። ርካሽ ቦታ አለ ከተባለም፣ በኢየሩሳሌም ሀዳሳና በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያሉት የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲዎች፣ ስፔሻሊስቶች በሚሠለጥኑበት ክፍል በአነስተኛ ዋጋ ያክማሉ፤ ግን በየወሩ ከኪርያት ማላኪ እዚያ መመላለስ ለእናት የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፤ የሁሉም አሠሪ ደግሞ አይፈቅድም።

እስከዚያው ግን ልጃችሁ 7 ዓመት ሲሞላው ለአገጣጠም ምርመራ አምጡት፤ የተለመደው የጥርስ ምርመራ በኩፓው በኩል ነፃ ነው። ቤት ውስጥ ዳቦ ወይም ፖም ሰጥታችሁ በየት በኩል እንደሚገምጥ ተመልከቱና ለሐኪሙ ንገሩት። ጥርስ ይነቀል ከተባለ፣ ለአገጣጠሙ ነው ወይስ ለከንፈሩ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ውሰዱ።