ጅብ ከሄደ የሚጮኹ ሹማምንት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021 ማለዳ፣ በቴክሳሷ የፎርት ወርዝ ከተማ አውራ ጎዳና ላይ ከ130 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች በረዶ በሸፈነው አስፋልት ተንሸራተው እርስ በርስ ተላተሙ፤ 6 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለ አደጋ በተሰማ ቁጥር ጥፋቱ በሾፌሩ ይላከካል፤ «ቢጠነቀቅ ኖሮ!» ይባላል። ይህ ፍርድ ዋናውን ተጠያቂ ይሸፍናል።

ስሌቱን እንመልከት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ቢወስድበት ከ40 ሜትር በላይ ተጉዟል። መንገዱ በረዶ ከሆነ ፍሬኑም አይታደገው። በካሜራና በራዳር እየታገዘ በራሱ የሚይዘው ፍሬን መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ከኮረብታው ማዶ የተቆለለውን ብረት አያይም።

መፍትሔው መኪኖችን ማነጋገር ነው። እያንዳንዱ መኪና ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና ፍሬን መያዙን በሰከንድ 10 ጊዜ በሬዲዮ ለአካባቢው ያስታውቃል። የፊተኛው ድንገት ሲቆም የኋለኞቹ ገና በዓይን ሳያዩት ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሰንሰለቱ ሳይጠነክር ይበጠሳል።

ይህ ሕልም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ1999 ለዚሁ ተግባር 75 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ መደበ፤ በ2016 መጨረሻም መሣሪያው በአዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ እንዲገጠም የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ ይፋ አደረገ። ከዚያስ? የመገናኛ ኮሚሽኑ በ2020 ከሞገዱ 45 ሜጋኸርትዙን ለዋይ ፋይ ቆርሶ ሰጠ፤ ረቂቁም በ2023 ተሰረዘ። «ለ20 ዓመታት ይህ ነው የሚባል ሥራ አልተሠራበትም» ነበር የኮሚሽኑ ምክንያት። ግዴታውን ሳይደነግግ 20 ዓመት ያባከነው ማን ሆነና?

«ገበያው ይፍታው» የሚሉን አሉ። አይፈታውም! የደኅንነት ቀበቶ ያሰረውን ሰው ያድናል፤ ይህ ሬዲዮ ግን የሚያነጋግረው ሌላ መኪና ከሌለ ዲዳ ነው። ብቻውን የገዛው ስለማይጠቀም ቀድሞ የሚገዛ አይገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ዘንድ፣ ድሩን የሚያሳብረው ሕግ ብቻ ነው።

በእነዚያ ጎዳናዎች ታክሲና ከባድ መኪና እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። እናንት ድምፅ የመስጠት መብት ያላችሁ፣ ተወካዮቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ረቂቁ ስለ ምን ተሰረዘ? ሬሳ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ የሐዘን መግለጫ መልስ አይሆንም።