ከመበየድ በፊት መንቀል

ኤሌክትሮኒክስ ልማር ብሎ የተነሣ ወጣት በመጀመሪያው ቀን መበየጃ ይጨብጣል፣ ሁለት ሽቦ ያጣብቃል፣ ደስ ይለዋል። እኛ ግን መጀመሪያ መማር ያለበት የተበየደውን መንቀል ነው እንላለን። ለሙያው እንግዳ የሆነ አንባቢ "ይኼም ክርክር ሆኖ?" ሊለን ይችላል። ነገሩ የኪስም የጤናም ጉዳይ ነውና ጥቂት ታገሱን።

ኮዬ ፈጬን እንውሰድ። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው የኮንዶሚኒየም ሳይቶች አንዱ የሆነው ይህ ሰፈር ከመርካቶ ሩቅ ነው። አንዲት ካፓሲተር ፍለጋ መርካቶ ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የታክሲው ሒሳብ ከዕቃዋ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ በትርፍ ሰዓቱ ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካካ የሰፈሩ ልጅ ቅርቡ የዕቃ መደብር በየብሎኩ እየጮኸ የሚያልፈው ቁራሌው ነው። ጆንያው ውስጥ የሞተ ዲኮደር፣ የተቃጠለ ቻርጀር፣ ድምፁ የጠፋ ቴፕ አይታጣም። በእነዚህ ቦርዶች ላይ ገና የሚሠራ ብዙ ዕቃ አለ፤ ችግሩ እግሩ በሊድ ተይዟል።

ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ሊዱ በቅጡ ሳይቀልጥ ዕቃውን በፒንሳ ይጎትቱታል። በሁለት ፊት ቦርድ ላይ ግን የቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳ በመዳብ የተለበጠ ነው፤ የላዩን መስመር ከታችኛው ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ጉተታው ልባጡን ይዞት ይወጣል። አንዲት ካፓሲተር ተቀይራለት ሊነሣ የነበረ ቴሌቪዥን በዚያች ቅጽበት የቁራሌው ሲሳይ ይሆናል።

መላው ትዕግሥት ነው። አሮጌው ሊድ ላይ ትንሽ አዲስ ሊድና ፍለክስ ሲጨመርበት አብሮ ይቀልጣል። አዳዲሶቹ ቦርዶች ይህን ይበልጥ ይፈልጋሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. (1998 ዓ.ም.) አጋማሽ ጀምሮ እርሳስን ከአብዛኛው የቤት ኤሌክትሮኒክስ ስላገደ ፋብሪካዎች ወደ ሌላ ቅይጥ ዞረዋል። የድሮው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ አዲሱ 217 አካባቢ ይጠይቃል። ሊዱ እንደቀለጠ መምጠጫ ፓምፑን ማስጠጋት፣ የቀረውን በመዳብ ሽሩባ መጥረግ ነው። ፓምፕ የሌለው ስቴኪኒ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ እስኪረጋ ይጠብቅ፤ ሊድ እንጨት ላይ አይጣበቅምና ስቴኪኒው ሲወጣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ መትቶ ማራገፍም የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚረጨው ትኩስ ብረት ግን ዓይን አይምርም።

ጤናውስ? ሊድ ማለት ራሱ እርሳስ ማለት ነው። በተለመደው የመበየጃ ሙቀት እርሳሱ ይህ ነው የሚባል አይተንም፤ ዓይን የሚያቃጥለውና ሳንባ የሚያስቸግረው ጭስ የፍለክሱ ነው፤ ለእሱ መስኮት መክፈት ነው። እርሳሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በእጅ በኩል ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ፣ በእጃችን የምናጎርስ ሰዎች ነን! ስቱዲዮ ቤት ውስጥ መኝታውም ማዕዱም ወርክሾፑም አንድ ክፍል ነው። ከቦርድ የተራገፈች ፍንጣሪ ወለሉ ላይ የሚድህ ሕፃን ታገኘዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት "ይህን ያህል እርሳስ አይጎዳም" የሚባል የታወቀ መጠን የለም ይላል፤ ክፉኛ የሚጎዳው ደግሞ የልጆችን አእምሮ ነው። ሥራው ትሪ ላይ ይሁን፣ ፍርፋሪው በተከደነ ቆርቆሮ ይጠራቀም፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

"ማን ይለፋል፣ አዲስ ይገዛል" የሚሉን አሉ። የሚገዛ ይግዛ። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቻርጀር እንኳ የሚከብደው ቤተሰብ ግን ብዙ ነው፤ ለእሱ በጥንቃቄ የተከፈተች አንዲት ቀዳዳ የወር አስቤዛ ልታድን ትችላለች።

ስለዚህ ለአሠልጣኞች አንድ ጥያቄ አለን። ለተማሪ አዲስ ዕቃና አዲስ ቦርድ ሰጥቶ ማስበየድ ጥሩ ነው። ፈተናው ግን ከቁራሌው በተገዛ ቦርድ ላይ ይሁን፦ ዕቃውን ንቀል፣ ቀዳዳዋን ክፈት፣ መልሰህ ግጠም፣ አሠራው። ያን ያለፈ ልጅ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ቢነካ አንሰጋም።