የፕሪንትሄድ አቅም በአንድ ቁጥር አይገለጽም

ስለ ኢንክጄት ፕሪንትሄዶች የሚወጡ ጽሑፎች አቅማቸውን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይገልጻሉ፤ ይኸውም በሰከንድ ሊረጩ የሚችሉት ከፍተኛው የጠብታ ብዛት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ቁጥር ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባውም።

በፒዞኤሌክትሪክ ፕሪንትሄድ ውስጥ ጠብታው ከወጣ በኋላም የግፊት ሞገዱ በቀለም መተላለፊያው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይመላለሳል። ሞገዱ ሳይረግብ ቀጣዩ የኤሌክትሪክ ምት ከደረሰ፣ እንደ አገጣጠማቸው የጠብታው ፍጥነትና ይዘት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ በሰከንድ 20,000 ጠብታ መርጨት ማለት 20,000 ተመሳሳይ ጠብታ መርጨት ማለት አይደለም።

ጉዳቱን በስሌት እንመልከት። አፈሙዙ ከሚታተምበት ገጽ 1 ሚሊሜትር ቢርቅና ገጹ በሰከንድ 1 ሜትር ቢጓዝ፣ በሰከንድ 6 ሜትር መብረር የነበረበት ጠብታ በ5 ሜትር ሲበር ከቦታው 33 ማይክሮሜትር ያህል ስቶ ያርፋል። የ10 ፒኮሊትር ጠብታ ዲያሜትር ግን 27 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ይህ ስሕተት በተራ ጽሑፍ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የታተመ የኤሌክትሪክ መስመርን ግን ሊበጥስ ይችላል።

የተለመደው የስትሮቦስኮፕ ምስል ብዙ ጠብታዎችን ደራርቦ ስለሚያሳይ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይሸሽጋል። ስለሆነም ተመራማሪዎች ፍጥነትና ይዘት ከድግግሞሽ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ግራፍ፣ ከእረፍት በኋላ የሚወጡትን የመጀመሪያ ጠብታዎች በነጠላ ብልጭታ የተነሣ ምስል፣ እንዲሁም የፈሳሹን ዝልግልግነትና ሙቀት አብረው ሊያቀርቡ ይገባል። ይህ ካልተሟላ የአንዱን ቤተ ሙከራ ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነው።